ኢንዳክሽን ምድጃ ለደብረ ብርሃንና አካባቢዋ፦ የቱን ላስገባ? ደንበኛ እንዳይመልስብኝስ ምን ልፈትሽ?

ዕቃ ቤት ጠባሴ

ሰላም ለቤቱ። ደብረ ብርሃን ላይ የቤት ዕቃ ሱቅ አለኝ። ድስት፣ ፔርሙዝ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ፍሪጅ የመሳሰሉትን እይዛለሁ። ከሰልና እንጨት በተወደደ ቁጥር የኢንዳክሽን ምድጃ ፈላጊው እየበዛ ነው፤ ከከተማው ሌላ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢትም ይደወላል። መርካቶ ያሉ ጅምላ አከፋፋዮች ደግሞ ዓይነቱን ያበዙታል፦ 2000 ዋት፣ 2200 ዋት፣ 3500 ዋት የተጻፈበት፤ ባለ አንድ ዓይን፣ ባለ ሁለት ዓይን፤ ቁልፉ የሚጫን፣ በጣት የሚነካ። ዋጋቸው በጣም ይለያያል፤ ከላይ ሲታዩ ግን ሁሉም አንድ ጥቁር መስታወት ናቸው።

የሚመለስብኝ ዕቃ ምክንያቱ ሦስት ዓይነት ነው። «አይሞቅም»፣ «ቁጥር ጽፎ እየጮኸ ይጠፋል»፣ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተ»። ከጅምላ ስገዛ በምን ልፈትነው? ደንበኛው ይዞ ከመውጣቱ በፊት ምን ልጠይቀው? ለእኛ አካባቢ የሚሆነው ስንት ዋት የተጻፈበት ነው? መለዋወጫ መያዝ ካለብኝስ የትኛውን? ሙያው ያላችሁ ብትመክሩኝ።

ሰሌዳ ጠጋኝ

ወንድሜ፣ «አይሞቅም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የምድጃው ሳይሆን የድስቱ ጣጣ ነው። ከሱ ልጀምር።

ኢንዳክሽን እንደ ሬዚስታንስ ምድጃ ራሱ ግሎ ድስት አያሞቅም። ከመስታወቱ ሥር በክብ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ፤ የምድጃው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በዚህ ሽቦ ውስጥ በሰከንድ ከ20 ሺህ እስከ 40 ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር ጅረት ይለቃል። ከዚያ የሚነሳው የማግኔት ኃይል መስታወቱን አልፎ የድስቱን መቀመጫ ያገኛል፣ ብረቱ ውስጥ ጅረት ይቀሰቅሳል፣ ድስቱ ከራሱ ይግላል። ይህ የሚሆነው ግን መቀመጫው ማግኔት የሚይዘው ብረት ከሆነ ብቻ ነው። በየቤቱ የሞላው የአሉሚኒየም ብረድስት አይሠራም። ሸክላ ድስት፣ ጀበና፣ መዳብም አይሠሩም። ስቴንለስ የተባለ ሁሉም አይሠራም፤ ኒኬል የበዛበት ስቴንለስ ማግኔት አይስብም፣ ምንም ያህል ውድና የሚያብረቀርቅ ቢሆን። ኢናሜል የተቀባ የብረት ድስትና ቀልጦ የተሠራ ወፍራም የብረት መጥበሻ ግን ጥሩ ይሠራሉ።

ስለዚህ መደርደሪያህ ላይ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በክር አስረህ አንጠልጥል። ደንበኛው ድስቱን ይዞ ይምጣና መቀመጫው ላይ ይለጥፈው። ጥብቅ ብሎ ከተያዘ ይሠራል። ላላ ብሎ ከያዘ ምድጃው ይጀምርና ሙሉ ኃይሉን ሳይሰጥ ሲጮህ ይውላል። ካልያዘ በቃ። ሌላው ማታለያ አሉሚኒየም ድስት ሥሩ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ የብረት ሳህን ተጭኖበት «ለኢንዳክሽን» ተብሎ የሚሸጠው ነው፤ ማግኔት ይይዛል፣ ነገር ግን የሚግለው ያ ስስ ብረት ብቻ ስለሆነ ኃይሉ ያነሰ ነው፣ ቶሎም ይላቀቃል። የመቀመጫው ስፋት ከ12 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ደግሞ ብዙዎቹ ምድጃዎች ድስት መኖሩን አያውቁም፤ ለአንድ ሲኒ ቡና የምትሆን ትንሽ ማንቆርቆሪያ ብትጥድበት ይጮህና ይጠፋል።

አሁን ከጅምላ ስትገዛ። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ካርቶን አስከፍትና በውሃ ፈትነው። መቀመጫው 18 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ማግኔት ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው ድስት ውስጥ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ክዳኑን ገጥመህ፣ ምድጃውን መጨረሻው ላይ አድርገህ ሰዓት ያዝ። በደብረ ብርሃን ብርድ 15 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ውሃ ተነስቶ እስኪንተከተክ እውነተኛ 2000 ዋት ከ3 ደቂቃ እስከ 3 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። 5 ደቂቃ ከፈጀ ላዩ ላይ የፈለገው ቁጥር ይጻፍ እውነተኛው ኃይሉ ከ1400 ዋት አይበልጥም። «3500 ዋት» ተብለው በርካሽ የሚሸጡትን በዚህ ፈትናቸው፤ ከ2000ዎቹ እኩል የሚያፈሉ ብዙ ናቸው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት ቆጣሪ ካለህ ደግሞ መከራከርም አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ታነበዋለህ። ሙከራውን ማታ አታድርገው፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ስለሚወርድ ምድጃውን ያለ ጥፋቱ ትጥለዋለህ።

ከዚያ 3 ሊትር ውሃ ጥደህ 20 ደቂቃ ሙሉ ኃይል ላይ ተወው። ፋኑ ደካማ ከሆነ ወይም አይጂቢቲው (ወደ ሽቦው የሚሄደውን ጅረት በፍጥነት የሚከፍትና የሚዘጋው የሰሌዳው ትራንዚስተር) ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር በደንብ ያልታሰረ ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ራሱን ያጠፋል። ገመዱንም ተመልከት፤ ገመዱ ላይ 3 × 1.0 ወይም 3 × 1.5 የሚል ማኅተም አለ፤ ሦስት ሽቦ፣ የእያንዳንዱ ውፍረት በሚሊ ሜትር ካሬ ማለት ነው። 0.75 የተጻፈበትን 2000 ዋት ምድጃ አትግዛ።

እየጮኸ የሚጽፈው ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ የአንዱ ኢ3 የሌላው ኢ3 አይደለም። የማኑዋሉን ሰንጠረዥ በአማርኛ አስጽፈህ ከእያንዳንዱ ካርቶን ጋር ስጥ። ሁሉም ላይ ያሉት ምክንያቶች ግን እነዚሁ ናቸው፦ ድስት የለም፣ ቮልቴጅ ወርዷል፣ ቮልቴጅ ወጥቷል፣ መስታወቱ ወይም አይጂቢቲው ከመጠን በላይ ግሏል፣ የሙቀት መለኪያው ተበጥሷል። ይህን ወረቀት ካገኘ ደንበኛህ ደብረ ሲና ሆኖ በስልክ ታስረዳዋለህ፣ ዕቃውን ተሸክሞ አይመጣም።

መስመር ዘርጊ

ሰሌዳ ጠጋኝ ስለ ዕቃው ጨርሶታል። እኔ ስለ ቤቱ ልበል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅሬታ በብዛት የሚመጡት ከቤቱ መስመር ነው።

2000 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 9 አምፔር ነው። ማታ ሁሉም ወጥ ሲጥድ ቮልቴጁ 180 ከገባ፣ ኃይሉን ጠብቆ የሚሠራ ዓይነት ምድጃ ያንኑ 2000 ዋት ለመስጠት ሲል ከ11 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ መስመሩ በደከመ ሰዓት ገመዱ የባሰ ይግላል። ለዚህ የሚሆነው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከርና ሸክላው ወፍራም የሆነ ጥሩ ሶኬት ነው። ከአምፖል መስመር ላይ በ1.5 ተቀጥላ የወጣች ሶኬት አትሆንም። ማከፋፈያ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ማከፋፈያ ውስጡ 0.75 ሽቦና ስስ ነሐስ ነው፣ 9 አምፔር ግማሽ ሰዓት ሲሄድበት ፕላስቲኩ መቅለጥ ይጀምራል።

ደንበኛህ በቀላሉ የሚያደርገው ምርመራ ይህ ነው፦ ምድጃውን 15 ደቂቃ ሙሉ ኃይል ላይ ያብስልበት፣ ከዚያ አጥፍቶ ነቅሎ የስፒናውን እግሮች የያዘውን ፕላስቲክ በእጁ ይዳስስ። ለብ ካለ ደኅና ነው። ካስለቀቀው ወይም እግሩ ላይ ቡናማ ጠባሳ ካየ ሶኬቱ ላልቷል፤ በዚያ ሶኬት እንዳይቀጥል። «ምድጃው ገመዱን አቃጠለው» የሚባለው ከሞላ ጎደል ሁሌም ይኸው የላላ ሶኬት ነው።

ምጣዱ ሌላ ነገር ነው። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ ያ ብቻውን 16 አምፔር ነው። ከኢንዳክሽኑ ጋር አብሮ ሲሠራ 25 አምፔር ይደርሳል። ምጣዱ የራሱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር ከቆጣሪው ድረስ ከሌለው በአንድ ጊዜ እንዳይከፍቷቸው ንገራቸው። በተለይ አንድ ቆጣሪ ለአራትና ለአምስት ተከራይ የሚካፈልበት ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ከሆነ መጀመሪያ አከራዩን ያነጋግር። አንዷ ጋግራ ሌላዋ ወጥ ስትሠራ የግቢው ብሬከር ይወድቃል፤ ከዚያ ጠቡ የምድጃው ሳይሆን የጎረቤት ነው።

ግራውንድ የሌላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ግራውንድ በሌለበት እርጥብ እጅ ድስቱን ሲነካ የሚነዝር ነገር ይሰማል፤ ከሰሌዳው የሚያመልጥ ትንሽ ጅረት ነው። ምድጃው ተበላሽቶ አይደለም፤ ግን ቸል አይባልም። አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለበት ቦታ ይቀበር፣ ከሱ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ እስከ ሶኬቱ ይሳብ። ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ «ጨረስኩ» የሚል ባለሙያ ከገጠማቸው ይመልሱት፤ ኒውትራሉ መንገድ ላይ የተበጠሰ ዕለት ከግራውንዱ ጋር የተያያዘ የዕቃ ብረት ሁሉ 220 ቮልት ይሸከማል።

ሸዋ ሮቢት ገበያ

እኛ ጋ ዘዴው ቀላል ነው፣ እያንዳንዱ ምድጃ ከስታቢላይዘር ጋር ይሸጥ። ሁለቱንም ትሸጣለህ፣ ደንበኛውም ይድናል። ደግሞም ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ ኃይል እንደ ልብ ሆኗል፣ ይሄ የቮልቴጅ ነገር ከእንግዲህ ብዙም አያሳስብም።

መስመር ዘርጊ

ወንድም፣ በሁለቱም አልስማማም። ግድቡ ኃይል ያመነጫል፤ ቤትህ የሚደርሰው ቮልቴጅ ግን የሚወሰነው በሰፈርህ ትራንስፎርመርና ከሱ እስከ ቆጣሪህ ባለው ሽቦ ነው። ለመቶ ቤት አምፖል ታስቦ በተተከለ ትራንስፎርመር ላይ መቶ ምድጃ ሲሰካ ከላይ የፈለገው ያህል ኃይል ቢኖር ከታች 180 ነው። እንዲያውም ገበያው በዚሁ ከቀጠለ ማታ ማታ የባሰ ይወርዳል። የሰፈሩ ነዋሪ ተሰብስቦ ለአገልግሎት መሥሪያ ቤቱ የትራንስፎርመር ማሳደጊያ ጥያቄ በጽሑፍ ማስገባት ያለበት አሁን ነው።

ስታቢላይዘሩን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን የሚሆነው 500 ወይም 1000 ቪኤ (የሚሸከመው ኃይል መጠን) ነው። 2000 ዋት ለመሸከም ቢያንስ እውነተኛ 3000 ቪኤ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ከምድጃው ይወደዳል። ትንሹን ከሸጥክለት ስታቢላይዘሩም ምድጃውም ይመለሱብሃል። ከሱ ይልቅ 16 አምፔር የሚችል ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ይያዝ፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲወጣ ይቆርጣል፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚለቀው።

ይህ መዘግየት የሚጠቅመው ለሦስተኛው ቅሬታ ነው። መብራት ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ቮልቴጅ ይዘላል። ምድጃው ጠፍቶ ቢታይም ስፒናው እስከተሰካ ድረስ ሰሌዳው ከመስመሩ ጋር ነው፤ ዝላዩ የሚያገኘው በተኛበት ነው። ፕሮቴክተር የሌለው ሰው መብራት ሲሄድ ወዲያው ይንቀል፣ ሲመጣም 5 ደቂቃ ይታገሥ። ሌላም አለ፦ መብራት ሲሄድ ፋኑም ይቆማል። የጋለው ድስት መስታወቱ ላይ ከተተወ ሙቀቱ ወደ ሰሌዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ድስቱን አንስቶ ሌላ ቦታ ማኖር ነው።

የመንዟ ወጥ ቤት

ስለ ሽቦው ተባለ፣ ስለ ወጡ ግን ማንም አላነሳም። ሰው ምድጃውን የሚመልሰው «ወጥ አሳረረብኝ» ብሎም ነው።

የኢንዳክሽን እሳት እንደ ከሰል አይደለም። ደረቅ ቁሌት በስስ ድስት ሲጣድበት ልብ ብላችሁ ብታዩት፣ ሽንኩርቱ ድስቱ መሐል ላይ ገና ነጭ ነው፣ ዳር ላይም ነጭ ነው፣ በመካከሉ ግን እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ ጠቁሯል። ሥሩ ያለው ሽቦ መሐሉ ክፍት ክብ ስለሆነ ነው። መፍትሔው ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት ነው፣ ቢያንስ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ስቴንለስ መሐል አሉሚኒየም የተደረበበት። እንደዚያ ያለው ሙቀቱን ያዳርሳል። ሽንኩርቱ ሲጣድ 800 ዋት አካባቢ፣ ውሃውን እስኪመጥ፤ ከዚያ 500 ወይም 600። ዘይቱና በርበሬው ከገባ በኋላ ከ600 በላይ ከወጣ በርበሬው ይመራል። በከሰል የለመደ ሰው እሳቱ ቀስ ብሎ እስኪነሳ ስለሚጠብቅ መጨረሻው ላይ አድርጎ ዞር ይላል፤ ያኔ ነው የሚያርረው። እዚህ እሳቱ ወዲያው ነው።

ርካሾቹ ዝቅተኛ ኃይል ላይ ሲደረጉ እውነተኛ ዝቅተኛ እሳት አይሰጡም። 300 ዋት ሲባሉ 1000 ዋት ለጥቂት ሴኮንድ ሰጥተው ያርፋሉ፣ ደግሞ ይሰጣሉ። ሽሮ ላይ ይህ ይታያል፤ ትፍ ትፍ ትልና ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ሻጭ ከሆንክ በውሃ ስትፈትን ዝቅተኛው ላይም አድርገህ እይ፤ ሳያቋርጥ ፍልቅ ፍልቅ የሚያደርገው ይሻላል፣ ተጨማሪ ቢከፈልበትም ያዋጣል።

ገንፎ ትልቁ ፈተና ነው። ድስቱ በእግር ወይም በጨርቅ ተይዞ በጉልበት ነው የሚማሰለው፤ ያንን መስታወት ላይ ማድረግ መስታወቱን መጫር ነው፣ ከጠነከረም መስበር። ውሃውን ምድጃው ላይ አፍሉ፣ ዱቄቱን ሲጨምሩ ድስቱን መሬት አውርደው አማስሉት፣ ከዚያ ክዳን ገጥመው 400 ዋት ላይ መልሱት። ድስቱ ሲነሳ ምድጃው እየጮኸ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይጠብቃል፤ ካለፈ ይጠፋል፣ እንደገና መክፈት ነው። ያ ብልሽት አይደለም፤ ይህንንም ለደንበኛ መንገር ያስፈልጋል።

ጀበናን ተዉት። በጀበናና በምድጃው መሐል የሚደረግ የብረት ሳህን ይሸጣል፤ ሳህኑ በጣም ይግላል፣ ከሥሩ ያለውን መስታወት ያሞቃል፣ ምድጃው እየጠፋ ያስቸግራል፣ ሸክላውም ይሰነጠቃል። ቡናው በከሰሏ ወይም በትንሿ ሬዚስታንስ ምድጃ ይፈላ። ቡናውን መቁላት ግን በወፍራም ብረት መጥበሻ 700 ዋት ላይ ያምራል። ስሱ የቆርቆሮ መቁያ ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ ወዲህ አይቀመጥም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከኔ። ባቄላና አተር ንፍሮ 2000 ዋት ላይ አድርገውት እንኳ ቶሎ አይበስልም። ምድጃው ሰነፍ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

ፊዚክስ ክፍል

እህቴ፣ ምክንያቱ ምድጃው ሳይሆን ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። መንዝ ደጋው ላይ ከዚያም ያንሳል፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ 95 ይደርሳል። አንዴ ከፈላ በኋላ 2000 ዋትም ይሁን 500 ዋት ውሃው ከ91 አያልፍም፤ የተረፈው ኃይል እንፋሎት ሆኖ ጣሪያ ያረጥባል፣ ቆጣሪውንም ያስሮጣል። እስኪፈላ ሙሉ ኃይል፣ ከፈላ በኋላ ክዳን ገጥሞ 400 ወይም 500 ዋት ይበቃል። ንፍሮው እኩል ጊዜ ይፈጃል፣ ወጪው ግን ሩብ ነው።

ጊዜውን የሚያሳጥረው ፕሬዠር ድስት ነው። መቀመጫው ማግኔት የሚይዝ ይሁን፣ አሉሚኒየሙ አይሆንም። ከላይ ያለው ክብደት መደበኛው ከሆነ ባህር ዳርቻ ያለ ሰው ድስቱ ውስጥ 121 ዲግሪ ሲያገኝ ደብረ ብርሃን ላይ የሚገኘው 116 ገደማ ነው። ስለዚህ መመሪያው ላይ 20 ደቂቃ የሚለውን 25 ወይም ትንሽ አለፍ ማድረግ ነው። ጎማው እየደረቀ እንፋሎት ካመለጠ ጫናው አይነሳም፤ ጎማውን ሱቁ ለብቻው ቢይዘው ፈላጊ አለው።

ምድጃው ላይ የሚጻፈው ዲግሪም ሰውን እንዳያሳስት። የሙቀት መለኪያው ያለው ከመስታወቱ ሥር ነው። የሚያነበው የመስታወቱን እንጂ የወጡን ሙቀት አይደለም። ለመጥበስ በዲግሪ መጠቀም ይቻላል፣ ለወጥና ለውሃ ግን በዋት ማዘዝ ይሻላል።

ዕቃ ቤት ጠባሴ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም በወረቀት ገልብጫለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሁሉም ደንበኛ የሚጠይቀው «ስንት ይቆጥራል?» ነው፣ ምን ልበል? መለዋወጫውስ?

መስመር ዘርጊ

በኪሎዋት ሰዓት ንገረው፣ ብሩን ራሱ ያባዛ። 2 ሊትር ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪፈላ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ወጥ ቁሌቱ በአማካይ 700 ዋት አንድ ሰዓት ከሄደ 0.7 ነው። ሽሮ ግማሽ ሰዓት 0.3። እንዲህ የሚያበስል ቤት በቀን 1.2፣ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨምራል። የቤት ታሪፍ ግን ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ዋጋ የሚጨምር በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ስለዚህ ካርድ ሲሞላ ከሚሰጠው ደረሰኝ ላይ አሁን ያለበትን ደረጃ አይቶ 36 ሲጨመርበት የት እንደሚገባ ያስላ። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ሆነው የሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ይኸው ይከብዳል፣ ድምሩ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወስዳቸዋል።

ሬዚስታንስ ምድጃ ላለው ሰው ግን «ቆጣሪህን በግማሽ ይቀንሳል» አትበለው፣ እውነት አይደለም። ኢንዳክሽን ከሚወስደው ኃይል ወደ 85 ከመቶ ገደማው ድስቱ ውስጥ ይገባል፤ የሬዚስታንሱ ከ70 እስከ 75 ነው። ልዩነቱ አለ ግን ትንሽ ነው። እሱ የሚያገኘው ፍጥነትና ልጅን የማቃጠል ዕድሉ ያነሰ ምድጃ ነው። በከሰል፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ የሚያበስል ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በከሰል ምድጃ ከሚነድደው አብዛኛው ሙቀት ድስቱ ጋ ሳይደርስ ነው የሚቀረው፣ ጭሱንም ሳንቆጥር።

ሰሌዳ ጠጋኝ

መለዋወጫ፦ ለ20 ምድጃ ይህን ያህል ያዝ። አይጂቢቲ ባለ 1200 ቮልት፣ 20 ወይም 25 አምፔር፣ 5 ፍሬ፤ ኤች20አር1203 የሚባለው ብዙዎቹ ላይ ይገጥማል። ብሪጅ ሬክቲፋየር (የመስመሩን ተለዋዋጭ ጅረት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚቀይረው) ባለ 25 አምፔር 3 ፍሬ። የሴራሚክ ፊውዝ 12 ወይም 15 አምፔር 10 ፍሬ። ባለ 18 ቮልት ፋን 3፤ ከመግዛትህ በፊት የምድጃህን ፋን ጽሑፍ አንብብ፣ ባለ 12 ቮልትም አለ። ባለ 100 ኪሎ ኦም የሙቀት መለኪያ 5። 0.27፣ 0.3ና 0.33 ማይክሮ ፋራድ ባለ 1200 ቮልት ካፓሲተር ሁለት ሁለት። መስታወትና ሽቦ ለብቻው ስለማይገኝ አንድ ሙሉ ምድጃ ለመለዋወጫነት ተወው።

ጠጋኙ ማወቅ ያለበት፦ ፊውዝ ብቻውን አይቃጠልም። ፊውዝ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ አይጂቢቲው ሾርት አድርጓል ማለት ነው። ፊውዙን በሽቦ ጠምዝዞ መክፈት ብሪጁንና የሰሌዳውን መስመር ማፈንዳት ነው። ከመንካት በፊት ነቅሎ ትልቁን ካፓሲተር በአምፖል ማራገፍ፤ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። አይጂቢቲው የመሐለኛውና የቀኙ እግር በዳዮድ መለኪያ ወዲያም ወዲህም ዜሮ ካሳየ ሄዷል። ከመቀየር በፊት ግን ለምን እንደሄደ መፈለግ አለበት፤ ዋናው ተጠርጣሪ ከሽቦው ጋር የታሰረው የ0.27 ወይም የ0.33 ካፓሲተር ነው። ተለክቶ ከተጻፈበት ከአሥር ከመቶ በላይ ከወረደ አብሮ ይቀየር። የ18 ቮልቱ መስመር ከ17 በታች ከሆነም አይጂቢቲው በደንብ ስለማይከፈት ግሎ ይሞታል።

አዲሱ ሲገጠም የሙቀት ፓስታ ይቀባ፣ ቡሎኑ ይጥበቅ። ከዚያ በቀጥታ መስመር ላይ አይሰካ። ባለ ክር 100 ዋት አምፖል ከፌዙ ጋር በተከታታይ ይግባና ያለ ድስት ይከፈት። አምፖሉ ብልጭ ብልጭ እያለ ድስት ከፈለገ ደኅና ነው። ደምቆ ከቆመ አሁንም ሾርት አለ፣ አዲሱ አይጂቢቲ ግን ተርፏል። አምፖሉ እያለ ድስት አይጣድ።

ስለ ሙቀት መለኪያው ለደጋ ጠጋኝ አንድ ነገር፦ 100 ኪሎ ኦም የሚባለው በ25 ዲግሪ ነው። ደብረ ብርሃን ጠዋት ሱቁ 10 ዲግሪ ሲሆን ያው ደኅናው መለኪያ 200 ኪሎ ኦም ያሳያል። ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው። በእጅ ጨብጦ ይሙቅ፤ ቁጥሩ እየወረደ ከመጣ ደኅና ነው።

ለቆላው ደግሞ በረሮ። ሸዋ ሮቢት ላይ በረሮው ሙቀት ፈልጎ ሰሌዳው ላይ ይገባና በ310 ቮልቱ እግሮች መሐል ሾርት ያደርጋል። ከሥር ያለው የፋን ቀዳዳ ላይ ቀጭን የወንፊት ሽቦ ማድረግ ይቻላል፤ ግን በየወሩ ዘይቱ በብሩሽ መጽዳት አለበት፣ አለዚያ ወንፊቱ ራሱ ፋኑን ያፍነዋል። ምድጃው ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ሥሩ ላይ ጨርቅ ወይም ላስቲክ አይነጠፍ፤ አየር የሚስበው ከሥር ነው።

ስለ ዋቱ ለጠየቅከው፦ አሁን ያለውን የቤቶች መስመር ስታይ ባለ አንድ ዓይን 2000 ዋት፣ ቁልፉ የሚጫን። በጣት የሚነካው ዘይትና ውሃ ሲነካው ራሱ ይታዘዛል። ባለ ሁለት ዓይን 3500 ዋት በአንድ ስፒና የሚወጣውን ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር ላዘረጋ ሰው ብቻ ሽጥ።

መስመር ዘርጊ

ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት የሚጠየቀውን በአንድ ወረቀት ልጻፍልህ፦ ድስትህን ማግኔት ይይዘዋል? የምትሰካበት ሶኬት ከቆጣሪው በራሱ መስመር ነው የመጣው ወይስ ተቀጥላ ነው? ቆጣሪውን ከስንት ሰው ጋር ትካፈላለህ? ምጣድ በየትኛው ሰዓት ነው የሚጋገረው? ማታ አምፖሉ ይደክማል? መስታወቱ ከተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢሆንም፣ ወጥ ፈስሶ ሰሌዳው ጋ ስለሚገባ ነቅሎ ማቆም እንዳለበት ያውቃል? በመጨረሻም ቤት ውስጥ ልቡ ላይ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አለ? ካለ ከሚሠራ ምድጃ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከመግዛቱም በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።